ከአካጊ መርከብ እስከ ቀራንዮ፦ የሚትሱዎ ፉቺዳ ሕይወት

ዛሬ የማካፍላችሁ የአንድ ጃፓናዊ የባሕር ኃይል መኮንን ሕይወት ነው። ስሙ ሚትሱዎ ፉቺዳ ይባላል። ፐርል ሃርበርን የደበደቡትን አውሮፕላኖች የመራው፣ በኋላም የወንጌል ሰባኪ የሆነው ሰው ነው። ምስክርነቱ በአብያተ ክርስቲያናት ስለሚነገር ብዙዎቻችሁ ሳትሰሙት አልቀራችሁም። እኔም ከመድረክ ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ ተናግሬዋለሁ። አንድ እሁድ ግን ከስብከቱ በኋላ ታሪክ ማንበብ የሚወድ አንድ ወጣት ወንድም በትሕትና ወደ እኔ ቀርቦ፣ ከተናገርኩት ውስጥ አንዱ ክፍል እውነት እንዳልሆነ ነገረኝ። እውነቱን ለመናገር በጊዜው ደስ አላለኝም። ቤቴ ገብቼ ሳገላብጥ ግን ልጁ ልክ ነበር። ስለዚህ ይህን ሕይወት እንደገና፣ በዚህ ጊዜ ሳልቸኩል ልተርክላችሁ ወደድኩ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፉቺዳ የተወለደው ዲሴምበር 3 ቀን 1902 በጃፓን ናራ በሚባለው ክፍለ ሀገር ነው። በጃፓን የዓመታት አቆጣጠር ያ ዓመት የነብር ዓመት ይባል ነበር፤ ይህን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን። በ1921 ኤታጂማ በሚገኘው የባሕር ኃይል አካዳሚ ገባና በ1924 ተመረቀ። እዚያ ሚኖሩ ጌንዳ ከሚባል ብሩህ ወጣት ጋር ተወዳጀ። ጌንዳ የፐርል ሃርበሩን ጥቃት ዕቅድ በዋናነት የነደፈ መኮንን ሲሆን፣ ፉቺዳ ደግሞ ዕቅዱን በአየር ላይ ፈጻሚ ሆነ። ፉቺዳ ልዩ ሙያ ያደረገው ከከፍታ ላይ ቦምብ መጣልን ነበር። በቻይና ላይ በተደረገው ጦርነት ተካፈለ፣ አስተማሪም ሆኖ ሠራ፤ በ1939 ደግሞ አካጊ በተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ተመደበ።

እስቲ ስለዚህች መርከብ ጥቂት ልንገራችሁ፤ ያለ እርስዋ የፉቺዳን ሕይወት መረዳት አይቻልም። አካጊ መጀመሪያ የታቀደችው ትልልቅ መድፍ የምትሸከም የጦር መርከብ እንድትሆን ነበር። ነገር ግን በ1922 በዋሽንግተን የተፈረመው ስምምነት የእነዚህን መርከቦች ቁጥር ስለገደበ፣ ተጀምሮ የነበረው አካልዋ ወደ አውሮፕላን ተሸካሚነት ተለወጠና በ1927 ተጠናቀቀች። በመጀመሪያ በደረጃ የተደራረቡ ሦስት የመንደርደሪያ ወለሎች ነበሯት። በ1930ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ እንደገና ስትሠራ ከዳር እስከ ዳር አንድ ረጅም ወለል ሆነላት። ርዝመቷ ወደ 260 ሜትር ይደርሳል። ከሁለት የእግር ኳስ ሜዳ በላይ ማለት ነው። በውስጧ ከሺህ ስድስት መቶ የማያንስ ሰው ይኖር ነበር።

ከወለሉ በታች ያለው ሕይወት ጠባብና ትኩስ ነው። አውሮፕላኖቹ የሚያድሩት ሃንጋር በሚባለው፣ በብረት ግድግዳ በተዘጋው አዳራሽ ውስጥ ሲሆን፣ መካኒኮቹ ነዳጅ እየሸተታቸው ሌት ተቀን ይሠራሉ። አውሮፕላን ወደ ላይ የሚወጣው በሊፍት ነው። ላይ ከወጣ በኋላ በሰው ጉልበት እየተገፋ ወደ ኋላ ይወሰድና በቅደም ተከተል ይደረደራል። ቀለል ያሉት ተዋጊዎች አጭር ርቀት ስለሚበቃቸው ከፊት ይቆማሉ፤ ቦምብና ቶርፒዶ የተሸከሙት ከባዶቹ ሙሉውን ርቀት እንዲያገኙ ከኋላ ይሆናሉ። ሃንጋሩ ዝግ ስለሆነና ጭሱ ሰው ስለሚገድል ሞተር የሚሞቀው ላይ ወለሉ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ሥራ ጊዜ ይወስዳል። አንድ ሙሉ ቡድን ከሃንጋር ወጥቶ፣ ተደርድሮ፣ ሞተሩ ሞቆ ለመነሳት እስኪዘጋጅ ድረስ አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ያስፈልጋል። ይህችንም ያዙልኝ።

አውሮፕላን ለመነሳት ክንፉን በፍጥነት የሚያቋርጥ አየር ይፈልጋል። በየብስ ላይ ይህን የሚያገኘው ረጅም ርቀት በመንደርደር ነው፤ በመርከብ ላይ ግን ያ ርቀት የለም። በጃፓን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ላይ ደግሞ ካታፑልት የሚባለው ወርዋሪ መሣሪያ አልነበረም። ስለዚህ መርከቧ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ታዞርና በሙሉ ኃይሏ ትከንፋለች። የነፋሱና የመርከቧ ፍጥነት ተደምሮ አውሮፕላኑ ገና ከመነቃነቁ በፊት የሚያስፈልገውን አየር በከፊል ይሰጠዋል። በአካጊ አፍንጫ ላይ እንፋሎት የሚወጣበት ቀዳዳ ነበር። እንፋሎቱ በወለሉ መካከለኛ መስመር ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ሲሄድ፣ መርከቧ ነፋሱን ፊት ለፊት እንደያዘች አብራሪዎቹ ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱ ሰው ሕይወት በሞተሩና በጥቂት ሴኮንዶች ላይ ነው።

በ1941 መጸው ፉቺዳ አብራሪዎቹን በደቡብ ጃፓን በካጎሺማ አካባቢ አሠለጠነ። የፐርል ሃርበር ውኃ ጥልቀቱ 12 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ከአውሮፕላን የሚጣል ቶርፒዶ ጭቃው ውስጥ ይሰካል የሚል ስጋት ነበር። ለዚህ መፍትሔ የሆነው በቶርፒዶው ላይ የተገጠመ የእንጨት ክንፍና ከውኃው ወለል ጋር ሊነካካ በሚቃረብ ዝቅታ የመብረር ልምምድ ነው። ኖቬምበር 26 ቀን ስድስት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች፣ ማለትም አካጊ፣ ካጋ፣ ሶርዩ፣ ሂርዩ፣ ሾካኩና ዙይካኩ፣ ከሰሜናዊው ሂቶካፑ ወሽመጥ ተነሡ። የመረጡት መንገድ ጭጋግና ማዕበል የበዛበት፣ የንግድ መርከብ የማያልፍበት ሰሜናዊ ባሕር ነበር። ሬዲዮ መላክ ፈጽሞ ተከልክሏል። አካጊ የምትይዘው ነዳጅ ለዚህ ሁሉ መንገድ ስለማይበቃ በርሜሎች በየባዶ ቦታው ተደርድረው ነበር፤ መርከበኞቹ በበርሜል መካከል ይበላሉ፣ በበርሜል መካከል ይተኛሉ። ብዙዎቹ ለቤተሰባቸው ደብዳቤ ጻፉ፤ ሳይመለሱ ቢቀሩ መታሰቢያ እንዲሆን ከጸጉራቸውና ከጥፍራቸው ቆርጠው ያስቀመጡም ነበሩ።

የዲሴምበር 7 ጎሕ ሲቀድ መርከቦቹ ከኦዋሁ ደሴት በስተሰሜን 370 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነበሩ። ባሕሩ ተቆጥቶ ወለሉን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ልምምድ ቢሆን ኖሮ በረራው ይሰረዝ ነበር። ፉቺዳ ወደ አውሮፕላኑ ሲወጣ፣ እንደ ራሱ ትረካ፣ የመካኒኮቹ አለቃ ግንባር ላይ የሚታሰር ነጭ ጨርቅ ሰጠውና በበረራ ቆቡ ላይ አሰረው። ብዙ ሰው አውሮፕላኑን ያበረረው ፉቺዳ ራሱ ይመስለዋል። አይደለም። ሦስት ሰው በሚይዘው ቦምብ ጣይ ውስጥ መሐል ላይ ተቀምጦ አዛዥና ተመልካች ነበር፤ መሪውን የያዘው ሌላ ሰው ነው። ምልክት ሰጪው መብራቱን ሲያሳይ የመጀመሪያው ተዋጊ ተንደረደረ፤ መርከቧ አፍንጫዋን ቀና ስታደርግ ወለሉን ለቆ ወጣ። ከስድስቱ መርከቦች 183 አውሮፕላኖች በሩብ ሰዓት ገደማ ውስጥ ተነሡ። በዚያን ዘመን ይህን የሚያህል ኃይል በአንድ ጊዜ ከባሕር ላይ ያስነሳ አገር አልነበረም።

ደሴቲቱ ላይ ሲደርሱ ፉቺዳ በምልክት ተኩስ ትእዛዝ ሰጠ። አንድ ተኩስ ማለት ጠላት አላወቀም፣ ሁለት ማለት ነቅቷል ማለት ነበር። ተዋጊዎቹ የመጀመሪያውን ያላዩ መስሎት ደገመ። በዚህ ምክንያት ቦምብ ጣዮቹ ሁለት ቆጠሩና ቅደም ተከተሉ ተዛባ። ቢሆንም ጥቃቱ ፍጹም ድንገተኛ ነበር። ከሰባት ሰዓት ከሃምሳ ሦስት ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለዳ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ሦስት መሆኑ ነው፣ ድሉን የሚያበስረውን የምስጢር ቃል በሬዲዮ ላከ። ቃሉ ነብር ማለት ነበር። በነብር ዓመት የተወለደው ሰው ያን ቀን የክብሩ ጫፍ ላይ ወጣ።

በዚያ ማለዳ 2,403 አሜሪካውያን ሞቱ። ከእነርሱም 1,177ቱ አሪዞና በተባለችው መርከብ ላይ የነበሩ ናቸው። ብዙዎቹ ገና ከመኝታቸው የተነሡ ወጣቶች ነበሩ። ፉቺዳ ጉዳቱን ለመመዝገብ በሰማይ ላይ ቆይቶ ወደ መርከቧ ከተመለሱት የመጨረሻዎቹ መካከል ሆነ። በአገሩ ጀግና ተባለ፤ በንጉሠ ነገሥቱ ፊትም ቀርቦ ስለ ጥቃቱ አስረዳ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942 በአውስትራሊያ የዳርዊን ከተማን የደበደበውን ቡድን መራ። ኤፕሪል 5 ቀን ደግሞ በሴሎን ደሴት በኮሎምቦ ላይ ዘመተ። ያ ዕለት በምዕራባውያን አቆጣጠር የትንሣኤ እሁድ ነበር። ለእርሱ ግን በጊዜው ከሌላው ቀን የተለየ ትርጉም አልነበረውም።

አሁን ወደ ሚድዌይ ደርሰናል፤ እኔን ወጣቱ ወንድም ያረመኝ እዚህ ላይ ነው። አካጊ በሜይ 27 ቀን 1942 ከጃፓን እንደወጣች ፉቺዳ በትርፍ አንጀት ሕመም ተያዘና እዚያው በመርከቧ ውስጥ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ስለዚህ ጁን 4 ቀን ማለዳ 108 አውሮፕላኖች ወደ ሚድዌይ ደሴት ሲነሡ እርሱ መብረር አልቻለም። ቁስሉ ሳይደርቅ ከአልጋው ተነሥቶ ላይ ወጣና ጓደኞቹ ሲሄዱ ቆሞ ተመለከተ። ወታደር የሆናችሁ አንባቢያን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ከጦርነቱ በኋላ ፉቺዳ ከአንድ ጓደኛው ጋር ስለ ሚድዌይ መጽሐፍ ጻፈ። በጃፓንኛ በ1951፣ በእንግሊዝኛ በ1955 ታተመ። በዚያ መጽሐፍ እንደተረከው፣ ከሌሊቱ ሳይሆን ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ የጃፓን መርከቦች ወለል በታጠቁ አውሮፕላኖች ተሞልቶ፣ ሞተራቸው ሞቆ፣ ሊነሡ አምስት ደቂቃ ብቻ ሲቀራቸው የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች ከደመና መሐል ወረዱ። እኔ ይህን ከመድረክ ላይ ስናገር እንዴት አድርጌ እንደተናገርኩት አትጠይቁኝ! አምስት ደቂቃ የዓለምን ታሪክ ለወጠ፣ እግዚአብሔር በሰዓቱ ይሠራል ብዬ ጉባኤውን እልል አሰኝቼ ነበር።

ነገሩ ግን እንዲህ አልነበረም። በጃፓን መንግሥት የጦርነቱ ታሪክ ይፋ ሆኖ ሲጻፍ በ1971 የወጣው ቅጽ ይህን ትረካ ውድቅ አድርጎታል። በእንግሊዝኛ ደግሞ ጆናታን ፓርሻልና አንቶኒ ተሊ በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ የመርከቦቹን የበረራ መዝገብ ደቂቃ በደቂቃ አስልተው አሳዩ። ያን ረፋድ የአሜሪካ ቶርፒዶ ጣዮች በቡድን በቡድን እየመጡ ነበር። ከአንዱ ቡድን 15 አውሮፕላኖች አንድም ሳይመለስ ከ30ው ሰዎች አንድ ብቻ ተረፈ። እነርሱን ለመከላከል አካጊ ተዋጊዎቿን በየጊዜው እያሳረፈችና እያስነሳች ነበር። አውሮፕላን የሚያርፍበት ወለል ደግሞ ባዶ መሆን አለበት። ቀደም ብዬ ያዙልኝ ያልኳችሁን አርባ አምስት ደቂቃ አስቡ፤ ያ ጊዜ በፍጹም አልተገኘም። ቶርፒዶ የታጠቁት አውሮፕላኖች ነዳጅ እንደጠጡ ታች ሃንጋሩ ውስጥ ነበሩ። ላይ የነበሩት ጥቂት ተዋጊዎች ብቻ ናቸው። አምስት ደቂቃ የሚባል ነገር አልነበረም።

ጥፋቱም የከፋው በዚሁ ምክንያት ነው። አካጊን በቀጥታ የመታት አንድ ቦምብ ብቻ ሲሆን፣ በመካከለኛው ሊፍት አጠገብ ወለሉን በስቶ ሃንጋሩ ውስጥ ፈነዳ። አሜሪካውያኑ መርከቦች ሃንጋራቸው በጎን ክፍት ስለሆነ የሚቃጠለውን ነገር ወደ ባሕር መግፋት ይቻላል፤ የአካጊ ግን ዝግ ስለሆነ እሳቱ ከቶርፒዶ ወደ ቶርፒዶ ተላለፈ። ፉቺዳ ከላይኛው ክፍል በገመድ ሲወርድ ፍንዳታ አሽቀንጥሮ ወለሉ ላይ ጣለውና ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቹ ተሰበሩ። ባልደረቦቹ አውጥተው አተረፉት። አካጊ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ በራሷ ወገን ቶርፒዶ ተመትታ ሰጠመች፤ ከሰዎቿ 267ቱ ሞቱ። በዚያ ውጊያ ጃፓን አራት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦችና ከሦስት ሺህ በላይ ሰዎች አጣች። ቁስለኞቹ ወደ ጃፓን ሲመለሱ ሽንፈቱ ለሕዝቡ እንዳይሰማ ከሰው ተለይተው ተቀመጡ፤ ፉቺዳም ከእነርሱ አንዱ ነበር።

በኦገስት 1945 በሂሮሺማ በአንድ ወታደራዊ ስብሰባ ላይ ነበር። አቶሚክ ቦምብ ከመጣሉ አንድ ቀን በፊት ለሥራ ተጠርቶ ከከተማዋ ወጣ። በማግስቱ ጥፋቱን ለመመርመር ከተላኩት ጋር ተመልሶ ገባ። ለሦስተኛ ጊዜ ከሞት አፍ መውጣቱ ነው። እርሱ ግን ያን ጊዜ ይህን ለማንም አላመሰገነም።

ጦርነቱ አለቀ። የባሕር ኃይሉ ፈረሰ። ጀግናው በትውልድ አገሩ አካባቢ ገበሬ ሆነ፤ ዶሮ አረባ፣ አትክልት ተከለ። የሚያውቁት ሰዎችም ራቁት፤ የተሸነፈ አገር የትናንት ጀግኖቹን ማየት አይወድም። በጃፓን መኮንኖች ላይ የተያዘው የጦር ወንጀል ፍርድ አናደደው። አሜሪካኖችም ምርኮኞችን በድለዋልና ማስረጃ ሰብስቤ ላሳፍራቸው ብሎ ተነሣ። ከአሜሪካ የተመለሱትን ጃፓናውያን ምርኮኞች ሊጠይቅ ወደ ኡራጋ ወደብ ሄደ። እዚያም በሚድዌይ ሞቷል ብሎ ያስበው የነበረ የድሮ የበረራ ባልደረባውን አገኘ።

ይህ ሰው የነገረው ግን የጠበቀውን አልነበረም። በአሜሪካ በተያዙበት ስፍራ ፔጊ ኮቬል የምትባል ወጣት በፍቅር ትንከባከባቸው ነበር። ለምን እንዲህ ታደርጊልናለሽ ሲሏት፣ ወላጆቿን የጃፓን ወታደሮች ስለገደሏቸው ነው አለቻቸው። ጄምስና ቻርማ ኮቬል በጃፓን ያስተማሩ የባፕቲስት ሚስዮናውያን ነበሩ። ጦርነቱ ሲቃረብ ወደ ፊሊፒንስ ተዛውረው፣ በፓናይ ደሴት ተራራ ላይ ተሸሽገው ሳሉ በዲሴምበር 1943 ተይዘው ተገደሉ። ልጅቷ መጀመሪያ በጥላቻ ተሞላች፤ ወላጆቿ ከመሞታቸው በፊት ምን ብለው ሊጸልዩ እንደሚችሉ ባሰበች ጊዜ ግን ልቧ ተለወጠ። ውድ አንባቢያን፣ ፉቺዳ ባደገበት ባህል የወላጁን ደም የማይበቀል ልጅ ልጅ አይባልም። በእኛም አገር ደም መመለስ የሚባለውን የምታውቁ ይህ ነገር ለምን እንቅልፍ እንደነሣው ይገባችኋል። ማስረጃ ሊሰበስብ ወጥቶ ሊመልሰው የማይችለው ጥያቄ ይዞ ተመለሰ።

በ1948 በቶኪዮ ሺቡያ የባቡር ጣቢያ ሲያልፍ አንድ ሰው ትራክት ሰጠው። የጻፈው ጄኮብ ዲሼዘር የሚባል አሜሪካዊ ነው። ስለ እርሱም ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም የእርሱም ታሪክ የሚጀምረው ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ወለል ላይ ነው። ዲሼዘር የፐርል ሃርበርን ዜና የሰማው በጦር ሠፈር ወጥ ቤት ድንች እየላጠ ነበር። በቁጣ በገነ። ብዙም ሳይቆይ ለአንድ ምስጢራዊ ተልእኮ ፈቃደኛ ሆነ። ኤፕሪል 18 ቀን 1942 ሆርኔት ከተባለችው መርከብ ላይ 16 ቦምብ ጣዮች ወደ ጃፓን ተነሡ። እነዚህ አውሮፕላኖች ለየብስ እንጂ ለመርከብ የተሠሩ አልነበሩም። ከመርከብ መነሣት እንጂ ተመልሶ ማረፍ አይችሉም። ጃፓናዊ የጥበቃ ጀልባ ስላየቻቸው ከታቀደው አሥር ሰዓት ቀድመው፣ ከጃፓን ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው፣ ማዕበሉ ወለሉን እያጠበ ተነሡ። ዲሼዘር በመጨረሻው፣ በ16ኛው አውሮፕላን ላይ ቦምብ ጣይ ነበር። ያንኑ አውሮፕላን ወደ ቦታው ሲገፉ አንድ መርከበኛ ተንሸራቶ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር እጁን ቆረጠው። ዲሼዘር ይህን እያየ ነው የሄደው።

ናጎያን ደብድበው ነዳጅ ስላለቀባቸው ጃፓን በያዘችው የቻይና ምድር በጃንጥላ ወረዱና ተማረኩ። ከተማረኩት ስምንት ሰዎች ሦስቱ በጥይት ተገደሉ፣ አንዱ በረሃብ ሞተ። ዲሼዘር ለ40 ወራት ታሰረ፤ ከዚህ ውስጥ 34ቱን ለብቻው። በ1944 ጠባቂዎቹ መጽሐፍ ቅዱስ ለሦስት ሳምንት አዋሱት። በዚያች በሦስት ሳምንት ውስጥ ጌታን አገኘ፤ ይጠላቸው የነበሩትን ጠባቂዎች በቋንቋቸው በአክብሮት ሰላም ማለት ጀመረ። ከተፈታ በኋላ ኮሌጅ ተምሮ በ1948 መጨረሻ ወደ ጃፓን ሚስዮናዊ ሆኖ ተመለሰ።

ፉቺዳ ትራክቱን አንብቦ አዲስ ኪዳን ገዛ። በ1949 መጸው ሉቃስ ወንጌል 23 ላይ ደረሰ። ጌታ በመስቀል ላይ ሆኖ፣ የሚያደርጉትን አያውቁምና ብሎ ለገዳዮቹ ምሕረት የለመነበት ክፍል ነው። የኮቬል ወላጆች የጸለዩት ምን እንደሆነ በዚያን ጊዜ ተረዳ። ለዓመታት የተሸከመውም ነገር እዚያ ወረደ። በሜይ 1950 ፉቺዳና ዲሼዘር ፊት ለፊት ተገናኙ፤ አንዱ ፐርል ሃርበርን፣ ሌላው ናጎያን የደበደቡ ሰዎች በአንድ መድረክ ላይ ቆመው መሰከሩ። ዲሼዘር በኋላ ቤተ ክርስቲያን የተከለው በዚያው በናጎያ ነው።

ፉቺዳ ከዚያ በኋላ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ሰበከ። ጃፓንን፣ አሜሪካን፣ አውሮፓን ዞረ። መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። የድሮ ጓደኞቹ ለአሸናፊዎቹ ሃይማኖት ራሱን ሸጠ አሉት። በአሜሪካም ልጆቻቸውን በፐርል ሃርበር ያጡ ሰዎች ፊቱን ለማየት ያልፈለጉበት ጊዜ ነበር። ማን ይፈርድባቸዋል?

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። የአምስት ደቂቃው ትረካ የመጽሐፍ ስሕተት ነው ብለን ልናልፈው እንችል ይሆን? አንችልም፤ እርሱ እዚያው ነበረና ወለሉ ባዶ መሆኑን በዓይኑ አይቷል። የተጻፈው ደግሞ ካመነ በኋላ ነው። ሌላም አለ። ከፐርል ሃርበር ተመልሶ ሌላ ዙር ጥቃት እንዲደረግ አድሚራል ናጉሞን አጥብቆ እንደሞገተ ተናግሯል፤ በቦታው የነበረው ጌንዳ ከተናገረው ጋር ግን አይስማማም። በ1945 ጃፓን እጅ ስትሰጥ በሚዙሪ መርከብ ላይ ነበርኩም ብሏል፤ እንደነበረ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። ስለ ሂሮሺማ አብረውት የገቡት ሁሉ በጨረር እንደሞቱ የሚነገረውም ከእርሱ አፍ የመጣ ነው፤ ስለዚህ ከላይ አልጻፍኩትም።

አንዳንድ ወገኖች ይህን ሲሰሙ፣ እንግዲያው ምስክርነቱም ውሸት ነው ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ዲሼዘር ነበረ፤ እስራቱም ትራክቱም በሰነድ የታወቀ ነው። ኮቬሎች ነበሩ፤ በፓናይ መገደላቸውም የታወቀ ነው። ሃያ አምስት ዓመት በብዙ ስድብ መካከል መስበክም በአንድ ቀን ወሬ የሚሠራ አይደለም። ሌሎች ደግሞ ዝም በል፣ የወንጌልን ሥራ አታበላሽ ይሉኛል። በዚህ አልስማማም። ጳውሎስ ጴጥሮስን በአንጾኪያ በሰው ሁሉ ፊት ተቃውሞታል፤ መጽሐፍ ቅዱስም ይህን አልሸሸገውም። የዳዊትንም አልሸሸገም። እኛ ግን ምስክር ስናገኝ ከሰውነቱ አውጥተን መልአክ እናደርገዋለን። ከዚያ አንድ ልጅ ኢንተርኔት ከፍቶ እውነቱን ሲያገኝ፣ ከተረታችን ጋር ወንጌሉንም ይጥላል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ፉቺዳ በጌታ ይቅር የተባለ፣ ስለ ራሱ ጀግንነት ማጋነንን ግን ያልተወ ሰው ነበር ብዬ አምናለሁ። የተሸነፈ ሠራዊት መኮንን፣ አምስት ደቂቃ ቀርቶን ነበር ማለት ምን ያህል እንደሚያጽናናውም ይገባኛል። እኔም ጉባኤውን እልል ለማሰኘት ሳልመረምር ተቀብዬዋለሁና በእርሱ ላይ ድንጋይ የማነሣበት ምክንያት የለኝም። በሚቀጥለው እሁድ ግን ከስብከቱ በፊት ቆሜ አስተካከልኩት። ወጣቱ ወንድም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አንገቱን ደፋ። ሌላ ጊዜ ለወጣቶች ክፍል ስለ ታሪክ አነባበብ እንዲያስተምር ጠየቅሁትና ተስማማ።

ሚትሱዎ ፉቺዳ ሜይ 30 ቀን 1976 በኦሳካ አቅራቢያ በካሺዋራ በስኳር በሽታ ጠንቅ በ73 ዓመቱ አረፈ። ዲሼዘር እስከ 2008 ኖረ። አካጊ ደግሞ በኦክቶበር 2019 በተመራማሪዎች ተገኘች። ከሚድዌይ ደሴት በስተሰሜን ምዕራብ በኩል፣ 5,490 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ፣ ቀጥ ብላ በውቅያኖሱ ወለል ላይ ተቀምጣለች። በ2023 ካሜራ የያዘ መሣሪያ ወርዶ ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ ተመለከታት።